አራት ጊዜ ቤት የገባችው ጀበና

ቡና ለማፍላት ይሄ ሁሉ ዕቃ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል። ልጄ ሀዋ በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ዓይነት አምጥታልኛለች። መጀመሪያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጀበና መጣ፤ መልኩ ጀበና፣ ውስጡ ብረት። ብረት ብረት ይላል ብዬ አስመለስኩት። ቀጥሎ ጣልያኖች የሚያፈሉበት ነው የተባለ፣ ወገቡ ላይ ተፈትቶ የሚገጠም ማፍያ መጣ። ሲፈላ ያንኮራፋል፣ እኔ ቡና የምጠጣው ሰላም ለማግኘት ነው ብዬ እሱንም አስመለስኩት። አሁን ደግሞ ፍሬውን ከላይ ሲጨምሩበት ራሱ ፈጭቶ፣ ራሱ አፍልቶ፣ ራሱ የሚቀዳ ማሽን ኩሽና ውስጥ ተቀምጧል። ቁልፎቹ ብቻ አሥር ይሆናሉ። ለአንድ ስኒ ቡና አሥር ቁልፍ።

የሀዋ ሐሳብ ክፉ አይደለም። የምንኖረው አብነት፣ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ከሰል ሳቀጣጥል የላይኛው ጎረቤት መስኮቱን እየደበደበ ይዘጋል። ክንዴም ሙቀጫ እምቢ ብሎኛል። ቀን ቀን እሷ ሥራ ትውላለች፣ ልጇ ሰሚራ ትምህርት ቤት ነች፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን ስሆን ቡና እንዳላጣ ነው ይሄ ሁሉ። ይገባኛል። ማሽኑ ግን አልሆነም።

"አባባ፣ ምኑ ነው ያልሆነው?" አለችኝ።

"አረፋው።"

"አረፋው ምን አደረገዎት?"

"አረፋ ያለው ሳሙና ነው። ቡና አረፋ ምን ያደርግለታል?"

ሀዋ እናቷን ትመስላለች፤ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል። "እሺ" አለች፣ "ቅዳሜ መርካቶ እንሂድ። ራስዎ አይተው፣ ራስዎ ይምረጡ። ከዚያ በኋላ ግን ይሄ አልሆነም የሚባል ነገር አልሰማም።"

ሄድን። ሱቁ ከላይ እስከ ታች የቡና ማሽን ነው። የሚሸጠው ልጅ ፀጉሩን አንድ ጎን ላጭቶ አንዱን ጎን ትቶታል። "ፋዘር፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ቀላል ነው፣ ዝም ብለው የተጻፈውን እያዩ መጫን ነው" ይለኛል። አንዱን ይተውና ሌላውን ያመጣል። "ይሄ ደግሞ ሁሉም ነገር እዚህ ተጽፏል፣ ያዩታል?" አየዋለሁ። ምኑን ነው የማየው? "አረፋው ይበዛል" አልኩት። ልጁ ግራ ገባው። "ፋዘር፣ ገና እኮ አልሰካሁትም" አለ። ሀዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወጣሁ። ሀዋ ከኋላዬ "አባባ፣ ቀስ ይበሉ" እያለች፣ እኔ ዝም ብዬ ስራመድ፣ እግሬ ሸክላ ተራ አደረሰኝ። እዚያ አንዲት ሴት አዲስ ጀበና እያሟሸች ነበር። አዲስ ሸክላ ዝም ብሎ ቡና አይፈላበትም፤ መጀመሪያ የቡና አተላ በውኃ ተበጥብጦ ይጨመርበትና ይንተከተካል፣ ይደፋል፣ ደግሞ ይጨመራል፣ ሸክላው አፈርነቱን እስኪረሳ። ሽታው ሌላ ነው። ዝናብ የመታው አቧራ፣ የከረመ ቡና፣ ትንሽ ያረረ ነገር፣ ሦስቱ አንድ ላይ። በዚያ ሽታ መሐል ቆምኩ። ሀዋ ደረሰችብኝና "ደከመዎት?" አለች። አልደከመኝም። ስምንት ዓመቴ ነበር።

ያን ክረምት እናቴ ከወሎ በእህል መኪና አስጭና አዲስ አበባ ላከችኝ። የተላክሁት ለአንድ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤት እንድገባ። የተላክሁትም አባቴ እህት ዘንድ ነው፣ እቴ ፋጡማ ዘንድ። እቴ ፋጡማ ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ፣ ስትናገር ጎረቤት ሁሉ የሚሰማት ሴት ነበረች። ቤቷ ከእህል በረንዳ ጀርባ፣ አምስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ነው። ባሏ ጋሽ ይማም እህል በረንዳ የተቀደደ ጆንያ በወስፌ እየሰፋ የሚውል ሰው ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ሽማግሌ መሰለኝ፤ ቅንድቡም ፂሙም ነጭ ነበር። ፊቱን ታጥቦ ሲመጣ ጎልማሳ ሆነ። ለካ የጤፍ ብናኝ ነው። እኔ ግን ለብዙ ቀን አዲስ አበባ ሰው ማታ አርጅቶ ጠዋት ልጅ የሚሆንበት አገር ይመስለኝ ነበር።

በመጣሁ በሳምንቱ ጀበናዋን ሰበርኩ።

ጀበናዋ እቴ ፋጡማ ስትዳር ካገር ቤት ይዛት የመጣች ነበረች። የአዲስ አበባ ጀበና ጎኑ ላይ መቅጃ ጡት አለው፤ ያቺ አልነበራትም፣ በአንገቷ ነው የምትቀዳው። ሆዷ ከርጅና ብዛት እንደ ቆዳ ያብለጨልጭ ነበር። "አምጣት" አለችኝ። እኔ እቤታችን ቅል የማነሣው አንገቱን ይዤ ነው፤ እሷንም አንገቷን ይዤ አነሣኋት። አንገቷ እጄ ላይ ቀረ። ሆዷ መሬት ወርዶ ሁለት ሆነ።

አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቅማ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ፣ አልጋ ሥር አስገባችው። እኔ አገሬ እንደዚያ በነጠላ ተጠቅልሎ ያየሁት ሬሳ ብቻ ነው። ሁለት ቀን ጠብቄ ጋሽ ይማምን "መቼ ነው የምንቀብራት?" አልኩት። ሳቅ አንቆት አሳለው፣ ውኃ ጠጣ። እቴ ፋጡማ ግን አልሳቀችም።

"ስማ ሙሄ" አለችኝ። "ጥሩ ጀበና ይገኝ። አፌ ደህና ቡና ይቅመስ። በዚያው ቀን ትምህርት ቤት ወስጄ አስመዘግብሃለሁ።"

ቅጣት ነው ብዬ ተቀበልኩ። የሰበርኩ እኔ፣ የምጠብቅ እኔ። ልክ ነው።

ጀበና መምረጥ እንዲህ ያለ ሥራ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ሸክላ ተራ ይዛኝ ሄደች። የምትሸጠው እማማ ተዋበች የምትባል፣ የጭቃው ስንጥቅ እጇ ላይ የቀረ፣ ራሷ ሠርታ ራሷ የምትሸጥ አሮጊት ነች። እቴ ፋጡማ ጀበናውን አንድ በአንድ ታነሣለች። በጣቷ አንጓ ኳ ታደርገውና ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ጥሩው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል። ጡቱን በአውራ ጣቷ ደፍና በአፉ እፍ ትልበታለች፣ ትንፋሹ በሌላ መንገድ ከወጣ ቀዳዳ አለው። ቂጡን በምላሷ ጫፍ ትነካዋለች፤ ምላስ ላይ ከተጣበቀ በደንብ አልተቃጠለም። ከዚያ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ትጨፍናለች።

እማማ ተዋበች ታግሣ ታግሣ "አንቺ ሴትዮ፣ ጀበና ነው የምትገዢው በሬ?" አለቻት።

"በሬ ቢሆንማ ጥርሱን አይቼ ሄጄ ነበር።"

"እንግዲያው ጥርስ ያለው ልሥራልሽ።"

በመጨረሻ አንዱን መረጠች። ቤት ወሰድነው፣ ሦስት ቀን ተሟሸ፣ በአራተኛው ቀን ቡና ተፈላበት። ከቂጡ ጠብ ጠብ ሲል ከሰሉን አጠፋው። "ያፈሳል። መልስ።" ከዚያ ወዲያ መመለስ የእኔ ሥራ ሆነ። ልክ ነበረች፣ ያፈስ ነበር፣ እማማ ተዋበችም አይታ ለወጠችልኝ። ሁለተኛው አንገቱ አጭር ነው ተባለ፤ ቡናው ከመፍላቱ ይገነፍላል። እማማ ተዋበች እያጉረመረመች እሱንም ለወጠች። ሦስተኛዋ ቀላ ያለች፣ ወገበ ቀጭን ጀበና ነበረች። አታፈስ፣ አትገነፍል። ተሟሸች፣ ተፈላባት፣ ተቀዳ።

"እንዴት ነው?" አለች እቴ ፋጡማ።

"ጥሩ ነው" አለ ጋሽ ይማም።

"አንተ የፈላ ውኃ ቢሰጡህም ጥሩ ነው ትላለህ። የሺ፣ አንቺስ?"

እትዬ የሺ ጎረቤታችን ነች፣ የጎጃም ሰው፣ ቡና የሚፈላበትን ቤት ከግቢው ሁሉ ቀድማ የምታውቅ። "እኔ ምንም አላየሁበት" አለች። "ደግሞ ጨው አብዝተሽበት አፌ የት ይለያል? እስቲ ድገሚኝ።"

እቴ ፋጡማ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ስኒዋን አስቀመጠች። "አፈር አፈር ትላለች። ሙሄ፣ ነገ መልስ።"

በዚህ መሐል ቡሄ አልፏል። የግቢው ልጆች ደብተር ተገዝቶላቸው ያሸቱታል። ጋሽ ይማም ከሥራ ሲመጣ "ፋጡማ፣ ምዝገባው ተጀምሯል አሉ" ይላል። እሷ "ሰማሁ" ትልና ጀበናውን አንስታ ወደ ብርሃን ታዞረዋለች። በማግስቱም "ፋጡማ፣ የልጁ ነገር" ይላል። እሷ ስለ ጀበናው አንገት ታወራለች። እሱ ራሱ ሄዶ እንዳያስመዘግበኝ፣ ጆንያ ያልሰፋበት ቀን እንጀራ የማይበላበት ቀን ነው። እኔ ጀበና የሚባለውን ዘር ሁሉ ጠላሁት። ምንድነው ይሄ? የተቆላ ፍሬ፣ ውኃ፣ እሳት። ሦስት ነገር። በእነዚህ ሦስት ነገሮች የተነሣ እኔ ፊደል ሳላይ ላድግ ነው?

ሦስተኛዋን ጀበና ታቅፌ ሸክላ ተራ ስደርስ እማማ ተዋበች ከሩቅ አይታኝ ተነሣች።

"ምን ሆነች ደግሞ?"

"አፈር አፈር ትላለች።"

"ከምን ልሥራላት? ከቅቤ?" ጀበናዋን ተቀብላ ኳ አደረገቻት። ጀበናዋ እንደ ደወል ጮኸች። መልሳ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠቻት። "ሂድ። ለአክስትህ እንዲህ በላት፤ ከዚህ የተሻለ ጀበና ከፈለገች ጭቃው ያለበትን አሳያታለሁ፣ ራሷ ትሥራ። አንተም ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ።"

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጀበናዋን ይዤ ብመለስ አልለወጠችም ማለቴ ነው፤ አልለወጠችም ማለት ሌላ ሻጭ ፍለጋ፣ ሌላ ማሟሸት፣ ሌላ ሳምንት። ስሄድ ስሄድ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጋ ደረስኩ። አንዱ ምድጃ ሥር ጥላሸት ተከምሯል። አንድ ጭብጥ አነሣሁ። የዘይት ጨርቅም ለመንኩ። ጀበናዋን ከአንገት እስከ ቂጥ አሸኋት፣ እንደ ድመት ጠቆረች። ቤት ገብቼ "ሌላ ሰጠችኝ" አልኩ።

እቴ ፋጡማ ተቀበለችኝ። ኳ አደረገቻት። ጆሮዋን አስጠጋች። አየችኝ። "እሺ" አለች።

ተሟሸች፣ ተፈላባት። "ይቺ ደግሞ ጭስ ጭስ ትላለች። መልስ።"

ጭስ ጭስ ማለቷ እውነት ነው፣ አልፈርድባትም። በማግስቱ ጎርፍ መውረጃው ዳር ቁጭ ብዬ በአሸዋና በአመድ ፈገፈግኳት። ጥላሸቱም ለቀቀ፣ ራሷም ትንሽ ለቀቀች፤ ጡብ መሰለች። ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። "ሌላ ሰጠችኝ።" እቴ ፋጡማ ኳ አደረገቻት፣ ሰማቻት፣ አየችኝ። "ክር ያላት ነች" አለች። "አዎ" አልኩ። ተፈላባት። "ይቺስ ደህና ነበረች፣ ግን እጄ አልወደዳትም። መልስ።"

እጇ። አፏ ሲያልቅ እጇ መጣ።

በዚያን ቀን ሸክላ ተራም አልሄድኩ፣ ቀጥቃጮቹም ጋ አልሄድኩ። መሳለሚያ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት አንድ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ጀበናዋን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አባቶችና እናቶች ልጅ እየያዙ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የሚወጡት ልጆች ከገቡት ልጆች የረዘሙ ይመስለኝ ነበር። ዘበኛው ካፖርቱን አንገቱ ላይ ሰብስቦ ሲያየኝ ቆየና ተጠጋኝ።

"ምን ልታደርግ ነው የመጣኸው?"

"ልመዘገብ።"

"አንተ ነህ ወይስ ጀበናዋ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሰው አለህ?"

"እቴ አለች። ጀበና እስክትመርጥ ነው።"

ዘበኛው ጀበናዋንም እኔንም አየ። ሊስቅ ፈልጎ ተወው። "እንግዲህ ቶሎ ትምረጥ" አለ። "ምዝገባው ዓርብ ያበቃል።"

ዕለቱ ረቡዕ ነው። ማታ ጀበናዋን ከግቢው አጥር ሥር ደብቄ፣ ነገ ተመለስ አለችኝ ብዬ ገባሁ፤ በማግስቱም ይዣት መጥቼ እዚያው ተቀመጥኩ። ቀና ስል እትዬ የሺ የገበያ ዘንቢሏን ይዛ መንገዱ ማዶ ቆማለች። እኔንም ጀበናዋንም አየች። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ሐሙስ ከሰዓት ቤት ስገባ እትዬ የሺ እኛ ቤት ተቀምጣ አገኘኋት፤ እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ። ጀበናዋን አስቀመጥኩ። ጥላሸት አልቀባኋት፣ አልፈገፈግኳት፣ ክሯም እንኳ ጆሮዋ ላይ ነው። "ሌላ ሰጠችኝ" አልኩ። ሌላ የምለው ነገር አልነበረኝም።

እቴ ፋጡማ ኳ አላደረገቻትም። ከሰል ላይ ጣደቻት። ቡና አፈላች፣ ቀዳች፣ ፉት አለች። እኔ ከንፈሯን ነው የማየው።

"ይቺ ነች" አለች። "ነገ ጠዋት እንሄዳለን።"

እኔ ያኔ ያታለልኳት መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት መሰለኝ። ጀበናን በጣቷ አንጓ ድምፅ የምታውቅ ሴት፣ አንዷን ጀበና ደጋግማ ኳ እያደረገች አላወቀቻትም ብሎ የሚያምን የስምንት ዓመት ልጅ ብቻ ነው።

በማግስቱ ፊቴን በውኃ እያሸች ልትልጠኝ ደረሰች። ራሷም ለዒድ የምትለብሰውን ቀሚስ ለበሰች። መንገድ ላይ እጄን ይዛ እህል በረንዳን አልፈን፣ ጆንያ ለተሸከሙት መንገድ እየለቀቅን ስንሄድ፣ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

"ያቺን ጀበና ስንት ጊዜ ነው ያመጣህልኝ?"

መሬት መሬት አየሁ። "አራት።"

"ጥላሸቱን ከየት አገኘኸው?"

"ከቀጥቃጮቹ።"

"ደህና አድርገህ ነው የቀባሃት" አለች። ትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ቆመች። ዘበኛው አየኝና "መረጠች?" አለኝ። እቴ ፋጡማ አልሰማችውም። እጇ እጄን አጥብቆ ነበር የያዘው። ዝቅ ብላ፣ እሷ እኔን እንደምትጠይቀኝ ሳይሆን እኔ እሷን እንደምጠይቃት ባለ ድምፅ፣ "ስምህን የሚጽፉት እነሱ ናቸው አይደል?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ" አልኩ። ስም ማን እንደሚጽፍ ምን አውቃለሁ?

ቢሮው ውስጥ ሰልፍ አለ። መነጽር ያደረገ ጸሐፊ ትልቅ መዝገብ ፊት ተቀምጧል። ፊታችን ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ጎንበስ ይሉና በብዕር ጫር ጫር አድርገው ይሄዳሉ። ተራችን ደረሰ። ስሜን ጠየቀ፣ ነገረችው። የአባቴን ስም ጠየቀ፣ ነገረችው። ዕድሜዬን ጠየቀ፤ አንበጣ በመጣ ዓመት ነው የተወለደው ብላ አንድ ደቂቃ አስረዳችው፣ እሱ የፈለገውን ጻፈ። ከዚያ መዝገቡን አዞረና ብዕሩን ዘረጋላት።

"እዚህ ጋ ይፈርሙ እትዬ።"

እቴ ፋጡማ ፍም በጣቷ አንስታ ምድጃ የምትቀይር ሴት ነች። ብዕሩን አልተቀበለችም። እጇን አየችው፣ መዝገቡን አየችው። ከኋላችን አንድ ሰው "እባካችሁ ቶሎ በሉ፣ ሥራ አለን" አለ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት፤ ገባው። መሳቢያውን ስቦ ክብ ቆርቆሮ አወጣ፣ ክዳኑን ከፈተ። ውስጡ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀለም የጠጣ ጨርቅ ነው። አውራ ጣቷን ይዞ ጨርቁ ላይ ተጫነው፣ ከዚያ መዝገቡ ላይ።

እኔ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ሌሎቹ ሁሉ በአንድ ጥቁር ብዕር ነው የጫሩት። የእኛ ስም ላይ ግን እንደ አበባ ያለ ክብ ነገር አረፈ። ለእሷ ብቻ መሳቢያ ተከፈተ። "እኔንም ቀቡኝ" አልኩት ጸሐፊውን፣ አውራ ጣቴን ዘርግቼ። እቴ ፋጡማ ክንዴን ይዛ እየጎተተች አወጣችኝ። ስንመለስ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችውም። የቆሰለች መሰለኝ።

ቤት እንደገባን ጣቷን በአመድ አሸች፣ በሎሚ አሸች። ቀለሙ አልለቀቀም። ከጁምዓ በኋላ ጋሽ ይማም መጣ፣ እትዬ የሺም መጣች፣ የግቢው ሰው ሁለት ሦስት ሆኖ ተሰበሰበ፤ የእኔ መመዝገብ ነው ነገሩ። ቡና ተፈላ። እቴ ፋጡማ በግራ እጇ ነበር የምትቀዳው። አንድ ስኒ ላይ ፈሰሰባት። እትዬ የሺ "ምነው ፋጡማ፣ ምን ሆነሽ?" አለቻት።

እኔ ደስታዬን የማስቀምጥበት አላገኘሁም። "እቴ ተቀብታለች" አልኩ። "ሌሎቹ ዝም ብለው ጫሩ። ለእሷ ብቻ ቀለም አወጡላት። ጣቷን ይዘው ቀቧት። አሳዪያቸው እቴ፣ ቀኝ ጣትሽን አሳዪያቸው።"

ጋሽ ይማም ስኒው ውስጥ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል አቀረቀረ። እትዬ የሺ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ግድግዳውን። እኔ ፈገግ እንዳልኩ ነኝ። አንድ ነገር እንዳበላሸሁ ያወቅሁት ፈገግታዬን የሚመልስልኝ ሰው ሳጣ ነው። ግን ምን እንዳበላሸሁ አላወቅሁም። ጀበናው አሁን አልተሰበረም።

እቴ ፋጡማ ጀበናዋን ማቶቷ ላይ አስቀመጠች። ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። አውራ ጣቷ እስከ መሐሉ ወይን ጠጅ ነው።

"ፊደል አላውቅም የሺ" አለች። "ይሄን ሁሉ ሳምንት ጀበና ላይ የፈረድኩት ለዚህ ነው። እዚያ ሰው ፊት ብዕር ይሰጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ጀበናዋ ምንም አልነበራትም።"

ከዚያ በቀኝ እጇ ጀበናዋን አነሣች።

"ስኒሽን አምጪ።"

እትዬ የሺ ስኒዋን ዘረጋች። "እኔም ያኔ እንዳልኩሽ ነው" አለች። "ምንም አላየሁበት።"

ጋሽ ይማም መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ እቴ ፋጡማ፣ ከዚያ ሁሉም። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ። በማግስቱ ጠዋት አስቀድማ ከሰል ስታያይዝ ያቺን ጀበና እቅፍ አድርጋ ስታነሣት አየኋት። አንገቷን አልያዘቻትም። "እንዲህ ነው የሚያዘው" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ነው የቆየሁት። ለምን እንደተውኩ ሌላ ነገር ነው፣ እዚህ አላስገባውም። ፊደሉን ግን ቆጠርኩ። ይሄንንም የምጽፈው በዚያው ሁለት ዓመት ነው፤ እየተደናቀፍኩ፣ ሰሚራ እያረመችኝ።

"አባባ፣ ጀበና ይፈልጋሉ?" አለችኝ ሀዋ ሸክላ ተራ ቆሜ ስቀርባት። "ጀበና ከሆነ የሚሻልዎት እንግዛ፣ ከጎረቤቱ ጋር እኔ እነጋገራለሁ።"

"አይ" አልኩ። "ቤት እንሂድ።"

መኪና ውስጥ እያለን ሦስት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ሦስት ጊዜ ዘጋሁ። እፍረት እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነኝ፣ የልጅ ልጅ አለኝ፣ አፌ ግን እምቢ አለ። ቤት ገብተን ሀዋ ጫማዋን ሳታወልቅ ኩሽና ሄጄ ማሽኑ ፊት ቆምኩ። አሥር ቁልፍ። ከእያንዳንዱ በታች በፈረንጅ ፊደል የሆነ ነገር ተጽፏል። እኔ ያለኝ ሀ ሁ ነው፤ ከዚያ ያለፈ የለኝም። ብቻዬን ስሆን የትኛውን እንደምጫን አላውቅም፤ አንዴ ሙቅ ውኃ ብቻ ቀዳልኝ፣ አንዴ ጮኸብኝ፣ ነቅዬ ተውኩት።

"ሀዋ" አልኳት።

"አቤት።"

"አረፋው አይደለም።"

በሩ ላይ ቆመች።

"የተጻፈውን አላነበውም። የመጀመሪያውንም፣ ይሄኛውንም። ሁለተኛው እንኳ ቁልፍ የለውም፣ እሱ በእውነት ያንኮራፋል።"

ሀዋ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም አላለችም። ደግ አደረገች። ዞር ብላ ወደ ውስጥ "ሰሚራ፣ ወረቀትና ማጣበቂያ ይዘሽ ነይ" አለች። ልጅቱ መጣች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ ቁልፉን እያነበበች ትነግረኛለች፣ እኔ በአማርኛ በራሴ እጅ እጽፋለሁ፣ እሷ ትለጥፋለች። ማብሪያ። መፍጫ። ቀጭን። ወፍራም። ውኃ። አንዱን ሁለታችንም አላወቅነውም፣ እሱን "አይነካም" ብዬ ጻፍኩበት። ጽሕፈቴ ጠማማ ነው፤ ሰሚራ ልታስተካክለው ብላ ከለከልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ብቻዬን አፈላለሁ። አረፋው ግን አሁንም ይበዛል። በማንኪያ እየገፈፍኩ ነው የምጠጣው።